ሜዳ ላይ አንቱ የለም

"ፔይንትቦል እጫወት ነበር" ስል የማያውቁኝ ሰዎች ያፈጣሉ፣ የሚያውቁኝ ደግሞ ይስቃሉ። የሚስቁት ድምፅ የሌለኝ ሰው ስለነበርኩ ነው። እናቴ "ዝም አይነቅዝም" እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ እኔም እውነት ነው ብዬ ይዤው ሲያትል ድረስ መጣሁ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ቀስ ብሎ መናገር እንደ ሙያ ይቆጠርልኛል። አለቃዬ የእረፍት ቀኔን ስትነጥቀኝ "ኦኬ" እላለሁ። የሥራ ጓደኛዬ የራሷን ሥራ ጥላብኝ ስትሄድ "ኦኬ" እላለሁ። ማታ ወደ ማውንትሌክ ቴራስ በሚመልሰኝ አውቶቡስ ውስጥ ግን ለሁሉም የሚገባቸውን መልስ እየሰጠሁ፣ እየተሳደብኩ፣ እያሸነፍኩ ነበር የምሄደው፤ በሆዴ።

በመጦሪያው ውስጥ አረጋውያኑን ወደ ሐኪም የሚያመላልሰውን መኪና የሚነዱ አንድ የአገሬ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ያንሳል፣ ከታላቅ ወንድሜ ይበልጣል፤ ስለዚህ ጋሼ እላቸው ነበር። አጠር፣ ሰፋ ያሉ፣ ሲስቁ ዓይናቸው የሚጠፋ ሰው ናቸው። አንድ ቀን አለቃዬ ቅዳሜዬን ስትወስድብኝና እኔ እንደ ልማዴ "ኦኬ" ስል በር ላይ ቆመው ሰሙኝ።

"አንቺ ልጅ፣ ከኦኬ ሌላ ቃል አልፈጠረብሽም?" አሉኝ።

"ምን ልበል ጋሼ?"

"ምንም አትበይ። ሶ፣ እሁድ ኦፍ ነሽ አይደል? ራይድ እሰጥሻለሁ። አሮጌ ልብስ ልበሺ።"

ስልክ ገና በክዳን የሚዘጋበት ዘመን ነበር። እሁድ ጠዋት በር ላይ ሆነው ኮል አደረጉልኝ፤ ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ መስሎኝ ነጠላዬን ይዤ ወረድኩ። አሮጌ ልብስ ልበሺ ላለ ሰው ነጠላ ይዞ መውረድ የኔ ሞኝነት ነው። ወደ ታኮማ በሚወስደው መንገድ ሄደን ሄደን፣ ከዋናው መንገድ ወጥተን፣ ዛፍ በከበበው አንድ ጭቃማ ሜዳ አጠገብ መኪናቸውን ፓርክ አደረጉ። ሜዳው ላይ በአየር የተነፉ፣ ሰው የሚያህሉ መከለያዎች ተደርድረዋል። ሰዎች ጭንብል አድርገው ከመከለያ መከለያ እየሮጡ በቀለም ኳስ ይተኳኮሳሉ፤ ፔይንትቦል የሚሉት ይህ ነው።

ሁለት ወንድማማቾች ሊቀበሉን መጡ። ጉራጌዎች ናቸው፤ በከተማው ደቡብ በኩል አንዲት ሱቅ አላቸው። ታላቅየው ቁጥብ፣ ሽበት የጀመረው ሰው ነው፤ ታናሽየው ደግሞ ቁጭ ብሎ መብላት የማይችል ፈጣን። ነጠላዬን አይቶ "ነጭ ባንዲራ ይዘሽ ገና ሳትጀምሪ እጅሽን ሰጠሽ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ። አራተኛ ሰው ያጡ ኖሯል። ውድድሩ ሦስት ለሦስት ነው፤ አራተኛው እየተቀያየረ ያርፋል።

ጋሼ የማስተማር ተሰጥኦ ነበራቸው፤ ይህን አልክድም። መሣሪያውን እጄ ላይ አስቀመጡና "ሽጉጥ አትበይው። ማርከር ነው። ሽጉጥ ካልሽው ትፈሪዋለሽ" አሉ። ከሜዳ ስወጣ አፈሙዙን በሽፋኑ እንድከድን፣ ጭንብሉን ሜዳ ውስጥ ለአፍታም እንዳላወልቅ፣ ከመከለያው ላይ ሳይሆን ከጎኑ አጮልቄ እንዳይ አሳዩኝ። ኳሷ ብይ ታክላለች፤ በውስጧ ቀለም አለ። አንቺ ላይ ከፈነዳች እጅሽን አንስተሽ ትወጫለሽ፤ ነጥራ ከወደቀች ግን ትቀጥያለሽ። ቀጥለው ጣታቸውን አነሱ።

"የፈነዳብሽን ቀለም መጥረግ ግን ሌብነት ነው። ዳኛ አየ አላየ፣ ራስሽ እጅሽን ታነሻለሽ። እኔ ቀለም የሚጠርግን ሰው ከሌባ ለይቼ አላየውም።"

ከዚያ ራቅ ብለው ቆሙና አንዴ ጭኔን መቱኝ። ጮህኩ። ሰምበሩ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀኝም፤ ግን እዚያው እንደቆምኩ አንድ ነገር ገባኝ። ሕመሙ ከፍርሃቱ ያንስ ነበር። ይህን እስከዚያ ዕድሜዬ ማንም አልነገረኝም።

ቦታዬ ኋላ ሆነ። ኋላ የሚቆም ሰው ሜዳውን ሁሉ ያያል፤ ፊት ያሉት ግን ከመከለያቸው ባሻገር አይታያቸውም። ስለዚህ ኋላ ያለው መጮህ አለበት፦ በየት በኩል እንደመጣባቸው፣ መቼ እንደሚሮጡ፣ መቼ ዝቅ እንደሚሉ። ድምፅ የሌለው ሰው ኋላ ይቁም ማለት መስማት የተሳነውን በር ጠባቂ ማድረግ ነው። እሳቸው ግን አውቀው ነው ያደረጉት። "ሌላ ምንም አልፈልግም፤ ድምፅሽን ብቻ አምጪልኝ" አሉኝ።

የመጀመሪያው ጨዋታዬ ላይ ጋሼ ፊት ናቸው፣ እኔ ኋላ። አንድ ረጅም ልጅ በግራቸው በኩል እየተሳበ ሲመጣ አየሁ። ነፍሴ ወጣች። ጉሮሮዬን ጠረግሁና "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እባክዎ በግራዎ በኩል ይመልከ..." ስል አንገታቸው ስር ቢጫ ቀለም ፈነዳ።

እጃቸውን አንስተው ሲወጡ ታናሽየው መሬት ላይ ተንከባለለ። "እባክዎ አለቻቸው! ኦ ማይ ጋድ፣ እባክዎ!"

ጋሼም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሲጨርሱ ግን ትከሻዬን ያዙኝ። "ስሚ። ሜዳ ላይ አንቱ የለም። አንቱ ብለሽ እስክትጨርሺ ኳሱ ይደርሳል። 'ጎንበስ በል!' በይኝ። 'ሩጥ!' በይኝ። ስደቢኝ ከፈለግሽ።"

አልቻልኩም። ለጋሼ "ሩጥ" ማለት ለኔ ቄስ እንደ መገላመጥ ነበር። ታላቅየውም ቢሆን አንቱ የምለው ሰው ነው። አፌ "ሩ" ብሎ ጀምሮ "ይሩጡ" ብሎ ይጨርሳል። "ግራ" እና "ቀኝ" ማለት ማንንም ስለማይደፍር እሱን ለመድሁ። ከዚያ ግን አንድ ቀን የገጠመን ቡድን ውስጥ አንድ ኤርትራዊ ኖሮ፣ የምለውን ሁሉ እየሰማ ሦስታችንንም ለቅሞ አወጣንና መጨረሻ ላይ "ሰላም ናችሁ፣ እንዴት ዋላችሁ?" ብሎ በጥሩ አማርኛ ጨበጠን።

መላው ያን ቀን ማታ መጣልኝ። በርበሬ ማለት ግራ ይሁን፣ ኮረሪማ ቀኝ፤ አብሽ ስል ዝቅ፣ ጨው ስል ሩጫ። ባዕድ ቢሰማ አይገባውም፣ አበሻ ቢሰማ የወጥ ነገር ይመስለዋል። ከሁሉም በላይ ግን ጨው አንተም አንቱም የለበትም። ለትልቁም ለትንሹም ያው ጨው ነው። ጋሼ ሲሰሙ ግንባሬን ሳሙኝ፦ "አየሽ? አንቺ ፈሪ አይደለሽም፤ ጨዋ ነሽ። ጨዋነትሽን ሳትጥይ መጮህ ትችያለሽ።"

ጮህኩ። መጀመሪያ እንደ ድመት ነበር፤ ክረምቱ ሲጋመስ ሜዳው ማዶ ያሉ ሰዎች ዞር ብለው ያዩኝ ጀመር። "ጨው!" ስል ታናሽየው እንደ ሚዳቋ ይፈተለካል። ማሸነፍ ጀመርን። ከቤልቪው የሚመጣ ሰማያዊ መለያ የለበሰ የኢንጂነሮች ቡድን ነበር፤ ዕቃቸው አዲስ፣ ጫማቸው እንኳ አንድ ዓይነት። እነሱንም አንድ ጊዜ አሸነፍናቸው። ጨዋታው ሲያልቅ ከመካከላቸው አንዱ መጥቶ ምን እያልሽ ነው የምትጮሂው አለኝ። የወጥ አሠራር እያስተማርኳቸው ነው አልኩት፤ ውሸትም አልነበረም።

ሥራ ቦታም ለውጡ ታየ። አንድ ሐሙስ አለቃዬ እሁዴን ልትወስድ መጣች። "ኖ። እሁድ አልችልም" አልኳት። ሰማይ አልተደረመሰም። እሷም "ኦኬ" ብላ ሄደች፤ ኦኬዬን ለሷ ያስረከብኳት መሰለኝ። ጋሼ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ቆመው ዓይናቸው እስኪጠፋ ይስቁ ነበር። ያን ቀን ጋሼ ሞተሽ አድኚኝ ቢሉኝ እሞትላቸው ነበር።

ከዚያ ጉልበታቸውን ታመሙ። ማለቴ፣ ታመምኩ አሉ። ልምምድ ቀሩ፣ ከሥራም ጥቂት ቀን ቀሩ። እኔ ልጃቸው የሆንኩ ያህል ተጨነቅሁ። ከሥራ ስወጣ የበግ ቅልጥም ሾርባ ሠርቼ እወስድላቸዋለሁ። ትራስ ላይ እግራቸውን ሰቅለው፣ ሾርባውን ፉት እያሉ ስለ ቡድኑ ይጠይቁኛል። በመሃል ደግሞ ቅመሞቹን ቡድኖች ሁሉ እየሰሙ ለመዷቸው፤ ስለዚህ አዲስ ቃላት አወጣሁ። ሙቀጫ ግራ፣ ወንፊት ቀኝ፣ ሰፌድ ዝቅ፣ ዘነዘና ሩጫ። አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን እየሳቅሁ ነበር ያወጣኋቸው። ከሁለቱ ወንድማማቾች በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

"ሶ፣ አሁን ምን ምን እያላችሁ ነው?" አሉኝ ጋሼ አንድ ቀን፣ ማንኪያቸውን ሳያስቀምጡ።

በደስታ ነገርኳቸው። የሠራሁትን የማሳየው ሰው እኮ ሌላ አልነበረኝም። እያንዳንዱን ቃል ሁለት ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። "ዘነዘና!" ብለው ሳቁ። "አንቺ ልጅ ጉድ ነሽ።"

ውድድሩ በፀደይ መጀመሪያ ነበር። ያሸነፈ ከፍ ወዳለው ምድብ ያልፋል። ሦስት ብቻ ቀርተን ስለነበር የሚያርፍ ሰው አልነበረንም። እኔ ግን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው፦ ያለሳቸው የምገባበት የመጀመሪያው ውድድር ነበርና፣ ያ ድምፅ የኔ መሆኑን ወይም የሳቸው ብድር መሆኑን የማውቀው ያን ቀን ነው። ዋዜማውን ደውዬ ቢያንስ መጥተው ቢያዩን አልኳቸው። "ጉልበቴ ቆሞ ማየትም አይችልም። ስትጨርሺ ኮል አድርጊልኝ፤ እጸልያለሁ" አሉኝ።

ካፊያ ነበር። የመጨረሻው ግጥሚያችን ከሰማያዊዎቹ ጋር ደረሰ። ተቀያሪ ሰው አምጥተዋል ተባለ። ቀና ስል ከመካከላቸው አንድ አጠር፣ ሰፋ ያለ ሰው ጓንቱን ሲያጠልቅ አየሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ፦ ጋሼ ሊያዩን መጥተው ብርድ ቢመታቸው አንዱ ልብስ አዋሳቸው! እየሮጥኩ ሄድኩ።

"ጋሼ! ጉልበትዎን ተሻለዎት እንዴ?"

ጭንብላቸውን አላነሱም። "ዛሬ ከነሱ ጋር ነኝ" አሉኝ። "እነሱ ሌላ ስቴት ድረስ እየሄዱ ይጫወታሉ። እናንተ ጋር ያለው ይሄ ጭቃ ነው። ጨዋታ እኮ ነው፣ ፊትሽን አታጥቁሪ።"

"ቃሎቹስ?" አልኳቸው።

ጓንታቸውን አጠበቁ።

ከዚህ በኋላ እሳቸው የለም፤ እሱ ነው።

ፉጨቱ ተነፋ። ታናሽየው ወደ መጀመሪያው መከለያ ደርሶ ተለጠፈ። እኔ አንድ ሰማያዊ ለባሽ በቀኝ ተዘርግቶ እየጠበቀው መሆኑን አይቼ "ሰፌድ" ልል አፌን ስከፍት፣ ከማዶ ያ ድምፅ፣ ክረምቱን ሙሉ ስንከተለው የኖርነው ድምፅ "ዘነዘና!" ብሎ ጮኸ። ታናሽየው ሳያስብ ተነስቶ ሮጠ። ደረቱ ላይ ቀለም በቀለም ሆነ። ታላቅየውን "ሙቀጫ!" ብሎ ወደ ግራ አዞረው፤ በቀኝ መቱት። እኔም ወዲያው ተመታሁ። ከኢንጂነሮቹ አንዱ ሲወጣ "ሙከቻ! ሙከቻ!" እያለ ይስቅ ነበር፤ ቀውን እንኳ በቅጡ ሊለው አልቻለም።

ለእረፍት ስንወጣ ታላቅየው በቀስታ ጠየቀኝ።

"አንቺ ነሽ የነገርሽው?"

"እኔ ነኝ። ታመዋል ብዬ ሾርባ ስወስድላቸው..."

"ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" አለና ማርከሩ ላይ ኳስ መሙላት ጀመረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ አለመቆጣቱ አስለቀሰኝ።

ያቃጠለኝ ጨዋታው አልነበረም። ሌላ ቡድን ይሂድ፤ ሰው ይሄዳል። ነግሮኝ ቢሄድ ዕቃውን ተሸክሜ እሸኘው ነበር። ያቃጠለኝ በሾርባዬ ላይ ሆኖ "ድገሚልኝ" ማለቱ ነው። እኔ የሚያደንቀኝ መስሎኝ ስደግም እሱ ለካ ያጠና ነበር። ከድቶኛል። ድምፅ አምጪ ብሎ አስጩሆኝ ድምፄን ለሌላ ሰጠብኝ። እንባዬ ጭንብሉ ውስጥ እንፋሎት ሠራ፤ ምንም አይታየኝም።

"አሁን የማንን ድምፅ እንስማ?" አለ ታናሽየው።

መስታወቱን ከውስጥ ጠርጌ መልሼ አጠለቅሁት። "የኔን ብቻ" አልኩ። "ሜዳው ላይ ያለው የሴት ድምፅ አንድ ነው። ቃል የለም፤ በግልጽ አማርኛ ነው የምናገረው።"

"እሱ ይሰማላ!"

"ይስማ። ለነሱ በእንግሊዝኛ እስኪነግራቸው አንተ ትደርሳለህ።"

ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። ታላቅየውን "ሩጥ!" አልኩት። አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው፣ ሩጥ። ሮጠ። "ተኛ! ቀኝህን ያዝ! አንተ ትንሹ፣ አሁን ውጣበት!" ከማዶ እሱ "ሂ ኢዝ ካሚንግ፣ ኖ፣ ዩር ሌፍት..." እያለ ሲንተባተብ ይሰማኛል። ተርጉሞ ሳይጨርስ ታናሽየው አጠገባቸው ደርሷል። ያን ዙር አሸነፍን። ያኔ እኔ አንቱ ስል እሱ እንደተመታ ሁሉ፣ አሁን እሱ ሲተረጉም የሱ ሰዎች ተመቱ።

ሦስተኛው ወሳኙ ነው። ታናሽየው ከአንድ ሰማያዊ ጋር ተያይዘው ወጡ። ታላቅየውም ተመታ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ፤ ከማዶ እሱና አንድ ኢንጂነር። ትንፋሼን ይዤ ከመከለያዬ ጎን አጮለቅሁ። የእሱ ማርከር የያዘው እጅ ወጥቶ ነበር። ተኮስኩ። ጓንቱ ላይ ፈነዳ፤ ቢጫው ሲረጭ በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

እጁን አላነሳም። ዳኛው ወደ ሌላኛው ወገን ዞሮ ነበር። ወደ ዳኛው አየት አደረገ፤ ጓንቱን ወደ ሱሪው አወረደና ጠረገ።

ተነሳሁ። መከለያ እንዳለኝ ረሳሁ፣ ውድድር መሆኑን ረሳሁ።

"አንተ! ተመትተሃል! ውጣ!"

ዳኛው አማርኛ አይገባውም፣ ኢንጂነሮቹም አይገባቸውም፤ እሱ ግን ገባው። ኳሷ ስትመታው ያልደነገጠ ሰው በዚያች ቃል ደነገጠ። ከዚያ ቀለም የተቀባውን እጁን ቀስ ብሎ አነሳና ከሜዳው ወጣ።

እኔ ለመጮህ ሙሉ ቁመቴን ቆሜ ነበርና የቀረው ኢንጂነር ደረቴን መታኝ። ተሸነፍን። እጄን አንስቼ ወጣሁ።

መኪና ማቆሚያው ጋ ዕቃችንን ስንጭን መጣ። ጭንብሉን አውልቋል፤ ፊቱ አርጅቷል። ወንድማማቾቹ ጀርባቸውን ሰጥተውት ዕቃ መጫናቸውን ቀጠሉ።

"በሰው ሁሉ ፊት አንተ አልሽኝ?" አለኝ። ድምፁ ውስጥ የምር ቅያሜ ነበር። የተበደለው እሱ ሆኖ አረፈው!

"ሜዳ ላይ አንቱ የለም ያልከኝ አንተ ነህ።"

"አሁን እኮ ከሜዳ ወጥተናል።"

"አውቃለሁ" አልኩት።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። አረጋውያኑን ሊያሳፍር መኪናውን በር ላይ አቁሞ ነበር። አንዲት እናት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ አወጣሁለት። ሰዎች ነበሩ፣ አለቃዬም ነበረች። ጮክም ዝቅም ሳልል፣ በራሴ ድምፅ ሰላም አልኩት።

"ደህና አደርክ?"

ወንበሩን ከእጄ ተቀበለና ጎንበስ ብሎ ቀበቶውን ማሰር ጀመረ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለኝ።